መኪናው የት ያድራል?

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጉለሌ በኩል፣ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው ይባላል። ሼሁ በዚያ አካባቢ ግቢ ነበራቸው፤ «ሼህ ሆጀሌ» የሚለው ስም በከተማው ሰው አፍ ሲመላለስ፣ ሲሸራረፍ ቆይቶ «ሸጎሌ» ሆነ። ዛሬ ሸጎሌን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሌላ ነገር ነው። የአንበሳ አውቶቡሶች ከሚያድሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። ማታ ማታ አውቶቡሶቹ ከየአቅጣጫው ገብተው በረድፍ ይቆማሉ፤ ይጠረጋሉ፤ ይፈተሻሉ፤ ሌሊቱ ሲነጋጋ ደግሞ የመጀመሪያው ሾፌር ሞተሩን ያስነሳል።

እኔ የሆሞሻ ልጅ ነኝ። አንደኛ ዓመት እያለሁ በዚያ ሳልፍ አንድ የክፍል ጓደኛዬ የስሙን አመጣጥ ነገረኝና ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ወደ ሐሳብ ተለወጠ። የእኛ አገር ባላባት ስም ለስንት አውቶቡስ ማደሪያ ሲሆን፣ የእኛ አገር ሰው አንድ እንኳ የሚያድርለት መኪና የለውም። ይህች ጽሑፍ ከዚያች ቀን ሐሳብ የመጣች ናት። አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ስላለብኝ ነው።

፩. ሰውና መኪና ሲተላለፉ

ሆሞሻ ከአሶሳ ተነሥቶ በሱዳን ጠረፍ ወደምትገኘው ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ወረዳ ናት። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ችግር የለባትም። መንገድ አላት፤ ለክልሉ ዋና ከተማም ቅርብ ናት። መኪና ያገኘ ሰው ቁርሱን ሆሞሻ በልቶ ረፋዱ ላይ አሶሳ ሻይ ሊጠጣ ይችላል። ችግሩ ያለው «ያገኘ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪኖቹ የሚያድሩት አሶሳ ነው። ባለቤቶቹ አሶሳ ናቸው፤ ነዳጁ አሶሳ ነው፤ ጋራዡም ጎሚስታውም አሶሳ ነው። ጧት መናኸሪያ ገብተው ተራ ይይዛሉ፤ እስኪሞሉ ድረስ አይነሡም። ሞልተው ሲነሡ ፊታቸው ወደ ኩርሙክ ነው። ጧት ጉዳይ ያለው የሆሞሻ ሰው ግን ፊቱ ወደ አሶሳ ነው፤ ፍርድ ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ባንኩ፣ ዋናው ገበያ ያለው እዚያ ነውና። ስለዚህ ሰውና መኪና መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ሰውየው እጁን ሲያውለበልብ መኪናው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ያ መኪና የሚመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። ሲመለስም ከጠረፍና ከስደተኞች መጠለያዎች ሞልቶ ነው የሚመጣው። ረዳቱ በበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «የለም! የለም!» እያለ ያልፋል። ዕድል ቀንቶት የተሳፈረ ሰው አሶሳ ሲደርስ ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሆኗል፤ አልጋ ይዞ ያድራል። በማግሥቱ ጉዳዩን በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል እንበል። የጧቱ መኪና በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጥቷል። ሁለተኛው ይሞላ አይሞላ የሚያውቀው አላህ ነው። ካልሞላ እንደገና ያድራል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ለአንዲት ማኅተም፣ ለአንዲት ፊርማ፣ ሁለት ሌሊት! የአልጋውና የምግቡ ወጪ ከመሳፈሪያው በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው የእኛ አገር ገበሬ ብዙ ጊዜ መብቱን ሳይጠይቅ የሚቀረው። ሰነፍ ወይም ዐላዋቂ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ አስልቶ ነው። የሁለት ሌሊት ወጪ ከሚያስመልሰው ነገር በልጦበት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። አይሱዙ ጭነት ላይ መውጣት አለ፤ ከኩንታሉ በላይ፣ ገመድ ጨብጦ፣ አቧራውን እየጠጡ። ሞተር ሳይክል አለ፤ ሦስት ሆኖ፣ መሐል ላይ ሕፃን አድርጎ። አህያ አለ። እግርም አለ። በክረምት ደግሞ ጎርፉ ሲወርድ እነዚህም ይመናመናሉ። በማንጎ ወቅት ሴቶች ማንጎውን በማዳበሪያ ሞልተው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ማንጎ ቀጠሮ አያውቅም፤ ዛሬ ካልሄደ ነገ ይለሰልሳል፤ ተነገ ወዲያ ለፍየል ነው። መንገደኛ የሚባለው በሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነው።

፪. መንገዱ ለማን ተሠራ?

ይህን ሳወራ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይኼማ የድህነት ጉዳይ ነው፤ መንገድ ሲስፋፋ በራሱ ይፈታል» ይሉኛል። እኔ ግን የታሪክ ተማሪ ነኝና አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በአገራችን መንገድ ኖሮ አያውቅም እንዴ? ኖሯል! ከሁለት መቶ ዓመት ጀምሮ ስንቱ በዚህ መንገድ ተመላልሷል። ጥያቄው መንገዱ ማንን ለማመላለስ ነበር? የሚለው ነው።

ከግብፁ መሐመድ ዓሊ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1820 እና በ1821 ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፤ ወርቅና ባሪያ። ቤኒሻንጉል ደግሞ የሁለቱም ስም የሚጠራባት አገር ነበረች። ካዮ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ከልጁ ከእስማኤል ጦር ጋር እስከዚህ ድረስ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻና በ1839 መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ራሱ፣ በስተርጅናው፣ ወርቁን በዓይኑ ለማየት እስከ ፋዞግሊ መጥቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፓሻ ከካይሮ ተነሥቶ በአባይ ዳር እዚያ ድረስ ሲመጣ መንገዱ አልጠበበውም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፋዳሲ የሚባለው ገበያ የታወቀ ነበር። ከሱዳን ወገን ጨርቅና ጨው ይመጣል፤ ከደጋው ወገን ቡናና ማር ይወርዳል፤ ከመሐል ወርቅ ይወጣል፤ ሰው ራሱም ሸቀጥ ሆኖ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1883 በአካባቢው የተዘዋወረው ሆላንዳዊው ስኩቨር የዚህን ንግድ ኑሮ ጽፎ አቆይቶልናል። የዚያን ጊዜ የእኛ ሰው በመንገዱ ላይ የሚታየው ተሸክሞ ሲሄድ ወይም ታስሮ ሲነዳ ነው። ለራሱ ጉዳይ የሄደበትን መንገድ የጻፈለት ግን የለም።

ሦስቱ የታወቁት የቤኒሻንጉል ሼሆች ግዛቶች ቤላ ሻንጉል፣ አቆልዲ ማለትም አሶሳ፣ እና ኾሞሻ ነበሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ዛሬ መኪና እያየች የምታሳልፈው ሆሞሻ ያኔ ከሦስቱ አንዷ ነበረች። በ1890 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በራስ መኰንን መሪነት አገሩን አስገበረ። ሼሆቹ ተያዙ፤ በኋላም ሼህ ሆጀሌ ተመልሰው የበላይነቱን አገኙ። ግብሩ ወርቅ ነበር። ወርቁን የሚያወጣው ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አሸዋ የሚያጥበው ሰው ነው፤ ወርቁ ግን ተራራና ወንዝ አቋርጦ አዲስ አበባ ደረሰ። ወርቁ የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ወደ እኛ የተመለሰ ነገር መኖሩን ብፈልግ ሸጎሌ የሚለውን ስም ብቻ አገኘሁ፤ እሱም የቀረው አዲስ አበባ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚደነግግ ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የንግድ ጣቢያ የማቋቋም መብት አገኙ፤ ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እየመጡ የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ጀመር። በምሥራቅ ደግሞ የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ ንግዱ በሁለት አፍ ወጣ፤ አንዱ ጋምቤላ፣ አንዱ ጂቡቲ። በመካከል የቀረው የኩርሙክ መንገድ የቅጠልያ መንገድ ሆነ። ወሰኑም የአንድ ሕዝብ ዘመዳሞችን ከሁለት ከፈላቸው፤ በርታ የሆነ ሰው እህቱን ለመጠየቅ መንግሥት መሻገር ግድ ሆነበት።

፫. ጣሊያን፣ ኮንጎዎች፣ እና አምስት ጣት

የሞተር መንገድን ነገር በእኛ አገር ሽማግሎች ከጣሊያን ጋር ነው የሚያነሡት። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር መንገድ ሥራን እንደ መሣሪያ ነው የያዘው። ወደ ምዕራብም ገፍቷል። አያቴ እንደሚነግሩኝ አባታቸው በልጅነታቸው ለመንገድ ድንጋይ ተሸክመዋል። «ለምን እንደሚሸከሙ ያውቁ ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው አያቴ ሳቁና «መኪና እንዲመጣ ነው አሏቸው፤ መኪናውም መጣ፤ ወታደር ጭኖ መጣ» አሉኝ።

እውነትም እንዲሁ ሆነ። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን ለእንግሊዞች ጦርነት ባወጀ ጊዜ ከካሰላና ከገላባት ጋር የሱዳኑን ኩርሙክ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ከቤልጅግ ኮንጎ ድረስ የመጡ ወታደሮች ከሱዳን ወገን ተሻግረው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያዙ። ኮንጎዎቹ ከአፍሪካ እምብርት ተነሥተው አሶሳ ገቡ ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ። ከኮንጎ አሶሳ መምጣት የተቻለ ሲሆን ከሆሞሻ አሶሳ መሄድ ምን አስቸገረ?

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ለመንገድ የዋለ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ትልቅ ሥራ ተሠርቷል፤ ሐቁን መካድ አይገባም። ነገር ግን የመንገዱን ቅርጽ ተመልከቱ። እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። መዳፉ አዲስ አበባ ነው፤ ጣቶቹ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረርጌ ይሄዳሉ። ከአንዱ ጣት ጫፍ ወደ ሌላው ጣት ጫፍ ለመሄድ ወደ መዳፉ መመለስ ያስፈልጋል። ዛሬ የእኛ ክልል ራሱ በአባይ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ መተከል በዚያ ማዶ፣ አሶሳና ካማሺ በዚህ ማዶ። ለብዙ ዘመን ከመተከል ተነሥቶ የገዛ ክልሉ ዋና ከተማ ለመድረስ የፈለገ ሰው የሚዞረው ዙር የሌላውን አገር ሰው የሚያስደንቅ ነበር።

የእኛ ጣት የወለጋ ጣት ናት። አሶሳ ያን ጊዜ የወለጋ አንድ አውራጃ ነበረች። ጣቷ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ መንዲ፣ ዳቡስን ተሻግራ ወደ ባምባሲ፣ ከዚያ አሶሳ ትመጣለች። ሆሞሻ ያለችው ከጥፍሩም ወዲያ ነው። ደም ከልብ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል።

፬. መንግሥት ሲፈልግና ሲያስፈልገን

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የሆነውን ሳነብ የትራንስፖርት ችግር «የአቅም ማነስ» ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ይፈርስብኛል። የደርግ መንግሥት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በጠቅላላው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ አሰፈረ። ከዋናዎቹ የሰፈራ ቦታዎች አንዷ አሶሳ ነበረች። አውቶቡስ ተገኘ፤ የጭነት መኪና ተገኘ፤ የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ሳይቀር ተገኘ። የወሎ ገበሬ አይቶት የማያውቀውን አገር በጥቂት ቀን ውስጥ ረገጠ። ብዙ ሰው ያለፈቃዱ መጥቷል፤ በመንገድም በሰፈራውም የሞተው ጥቂት አይደለም። ይህን ያነሣሁት መንገዱን ለማመስገን አይደለም። መንግሥት «ይሂድ» ያለው ሰው በወራት ውስጥ መኪና እንደሚገኝለት ለማሳየት ነው። መኪናው ሰዉን አራግፎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰፋሪው «ዘመድ ልጠይቅ፣ ልመለስ» ሲል፣ በርታውም «ገበያ ልሂድ» ሲል፣ ሁለቱም አንድ ላይ መንገድ ዳር ተቀመጡ። በአገራችን ስለ ነባርና ስለ ሰፋሪ ብዙ ክፉ ነገር ተወርቷል። እኔ ግን ሁለቱ በአንድ ማንጎ ሥር ያንኑ መኪና ሲጠብቁ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ የጦርነቱ ታሪክ መጣ። በ1980 ዓ.ም. የሱዳን አማፅያን የሱዳኑን ኩርሙክ ያዙ፤ ስደተኛው ወደ እኛ ጎረፈ። በ1982 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ደግሞ ኦነግ በሻዕቢያ እየተረዳ አሶሳን ያዘ። በ1989 ዓ.ም. እንደገና በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲነሣ የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በሆሞሻ ወረዳ ተከፈተ፤ በ2007 ዓ.ም. ጾሬ ተጨመረ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የካርቱም ጦርነት ሲጀመር ኩርሙክ እንደገና የስደተኛ በር ሆነች። የእኛ ሰው እነዚህን ሁሉ ተቀብሏል፤ እንጨቱንና ውኃውን ተካፍሏል። ይህን በማድረጉ ቅር አይለውም።

መኪና ግን ያን ጊዜ በዛ። ነጭ ላንድ ክሩዘር በአንቴና ታጥቆ በየቀኑ ይመላለሳል። ብዙዎቹ ባዶ ወንበር አላቸው። ሕጋቸው ግን ያልተፈቀደለትን ሰው አያስጭንም፤ ኢንሹራንስ አለ፣ ደንብ አለ። ሾፌሩ የአገር ልጅ ነው፤ ያውቀናል፤ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። እኔ እሱን አልወቅስም። እንጀራው ነው። ብቻ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ ፈጥኖ የሚያልፈው መኪና ባዶው መሆኑን ነው።

መንገዱም ቢሆን እየተሻሻለ መጥቷል። አገር አቀፉ የመንገድ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የኢትዮጵያ መንገድ በጠቅላላው 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኝ የገጠር መንገድ ፕሮግራምም በ2003 ዓ.ም. ተጀምሯል። በዚያው ዓመት መጋቢት 24 ቀን በክልላችን፣ ጉባ ላይ፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ይሁንና ሪፖርቱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ኪሎ ሜትር ላይ በቀን ስንት ወንበር እንደሚያልፍ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ በመሐል ለቆመው ሰው ስንት ወንበር እንደሚተርፍ የሚቆጥር አላየሁም። መንገድ ወንዝ ነው ብንል፣ ወንዝ አጠገብ ተቀምጦ በጥም የሚሞት ሰው አለ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመከራው መጠን ጨመረ። በመስከረም ወር የካማሺ ዞን ባለሥልጣኖች በመንገድ ላይ ተገደሉ፤ በወለጋና በአካባቢው ግጭት ተስፋፋ። የአሶሳና የአዲስ አበባ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። ዕቃ ተወደደ፤ ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ሄደ፤ የሌለው ባለበት ቀረ። እኔም አንድ ዓመት ክረምቱን በግቢ አሳለፍሁ። የግቢው ዘበኛ «አንተ ዘመድ የለህም እንዴ?» ይለኝ ነበር። ዘመድስ ነበረኝ፤ መንገድ ነው ያጣሁት።

፭. የአያቴ ዓይን

አሁን የምጽፈውን ነገር ላለመጻፍ ብዙ አስቤአለሁ። የቤት ገመና ይመስላል። ነገር ግን ታሪክ የሚባለው የፓሻና የራስ ብቻ ከሆነ እኔ ምን ልጽፍ ነው?

አያቴ ዓይናቸውን ይታመሙ ጀመር። አሶሳ ሄደው ታዩ፤ የዓይን ግፊት ነው ተባሉ። ጠብታ ተሰጣቸው፤ ሳይቋረጥ እንዲጨምሩ፣ በየጊዜው በቀጠሮ እየመጡ እንዲታዩ ተነገራቸው። ሐኪሙ መልካም ሰው ነበር፤ «አባባ፣ ይህ በሽታ የወሰደውን አይመልስም፤ ስለዚህ አይቅሩ» ብሎ ደጋግሞ ነገራቸው። አያቴም አልቀሩም፤ መኪናው ነው የቀረው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ከንጋት ጀምረው መንገድ ዳር ዋሉ። ጧት የመጡት ሁሉ ወደ ኩርሙክ ነው። ከቀትር በኋላ የመጡት ሁሉ ሞልተዋል። ማታ አህያቸውን ይዘው ተመለሱ። ሁለተኛውን ቀጠሮ በማግሥቱ ደረሱ፤ «ቀጠሮህ ትናንት ነበር፤ ዛሬ ወረፋ የለም» ተባሉ፤ እንደገና ተቀጠሩ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ዋለ፤ ጎርፍ ነበር፤ አንድም መኪና አልመጣም። በመሐል ጠብታው አልቆ ነበር። ጠብታውን የሚገዛ ሰው ለመላክም መኪና ያስፈልጋል።

እኔ ይህን የሰማሁት አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ነው። ለፈተና እያነበብሁ ነበር። እናቴ «ግራ ዓይናቸው ሄዷል» አለችኝ። እንዴት «ሄደ» ትያለሽ ብዬ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። በዚያ አገር እግርም፣ መኪናም፣ ሰውም እንቢ ሲል፣ የሄደው የአያቴ ዓይን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ስሄድ ከዛፉ ሥር አገኘኋቸው። በቀኝ ዓይናቸው መንገዱን ያዩ ነበር። እኔም የተማርሁ ሰው መስሎኝ «አባባ፣ አይዞዎት፤ መንገዱ ሊሻሻል ነው ይላሉ፤ አስፋልት ሊሆን ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና በበርታኛ ጠየቁኝ፦

«አስፋልት ሲሆን መኪናው የት ያድራል?»

«አሶሳ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ፈጥኖ ያልፈናል ማለት ነው» አሉ።

፮. ምን ይደረግ?

ጥያቄያቸውን ስመረምር የአንድ ኤክስፐርት ጥናት ያህል ሆኖ አገኘሁት። ከመሐመድ ዓሊ ጀምሮ እስከ ዛሬ በእኛ አገር ያለፈው መንገድ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ መነሻውም መድረሻውም ሌላ ቦታ ነው። ወርቅ ወደ ካይሮና ወደ አዲስ አበባ፤ ወታደር ወደ ድንበር፤ ሰፋሪ ወደ ሰፈራ፤ እርዳታ ወደ መጠለያ። ሆሞሻ የሚታለፍባት ናት። አንድ ቦታ መነሻ እስካልሆነ ድረስ በአጠገቡ የሚያልፈው መኪና የእሱ አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አውሮፕላን አልጠይቅም፤ ባቡርም አልጠይቅም። አንድ መኪና ሆሞሻ ይደር። አንድ የሦስተኛ ደረጃ አውቶቡስ፣ ወይም አንድ ደህና ቅጥቅጥ፣ ማታ ከአሶሳ መጥቶ ሆሞሻ ይደርና ጧት በ12 ሰዓት ሞላም አልሞላም ወደ አሶሳ ይነሣ። ሾፌሩ የሚተኛበት አልጋ እኛ እንሰጠዋለን፤ ራትም አናሳጣውም። ያን ጊዜ የሆሞሻ ሰው በሥራ መግቢያ ሰዓት አሶሳ ይደርሳል፤ በዚያው መኪና ማታ ቤቱ ይገባል። ሁለት ሌሊት የፈጀው ጉዳይ በአንድ ቀን ያልቃል።

«ሳይሞላ ከተነሣ ይከስራል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ይከስራል። ታዲያ ልዩነቱን የሚከፍል አካል ይኑር። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ በርካሽ የሚሄደው መንግሥት ስለሚደጉመው ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ሊሄድ ይገባዋል ስለተባለ። ስዊዘርላንድን የሚያህል ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በፖስታ ቤቱ አውቶቡስ ደብዳቤንና ሰውን አንድ ላይ እየጫነ ከሩቅ መንደሩ ጋር ሲገናኝ ኖሯል፤ መንደርተኛው የሚያውቀው መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ነው። ሀብታም ስለሆኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ ያመኑት መንደርተኛውም ዜጋ መሆኑን ነው እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ከኩርሙክ የሚመለሰው መኪና ለመሐል መንገደኛ ጥቂት ወንበር እንዲያስቀር በመናኸሪያ ስምሪት ላይ ይደንገግ። ሦስተኛው ደግሞ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ፍርድ ቤቱም፣ ጽሕፈት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም ቀጠሮ ሲሰጥ ሰውየው ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። ከሩቅ የመጣውን በአንድ ቀን ይቅጠረው፤ ሳይሳካለት በማግሥቱ ቢደርስ «ትናንት ነበር» ብሎ አይመልሰው።

እኛ ተማሪዎችስ? እኛም ድርሻ አለብን። ከየወረዳችን መጥተን አዲስ አበባ ስንቀመጥ ቶሎ እንረሳለን። አንድ አውቶቡስ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲዘገይብን እንሳደባለን። ለዕረፍት አገር ቤት የምንገባ ሁሉ አንድ ደብተር ይዘን መንገድ ዳር ብንቀመጥ፣ በቀን ስንት መኪና አለፈ፣ ስንት ሰዓት አለፈ፣ ስንት ሰው ቀረ ብለን ብንጽፍ፣ ማንም ያልቆጠረውን እኛ እንቆጥራለን። እኔ በሚቀጥለው ዕረፍት ልጀምር አስቤአለሁ። አያቴ «እኔ እየጠራሁ አንተ ትጽፋለህ፤ በድምፁ አውቀዋለሁ፤ የሞላውም ባዶውም ድምፁ ይለያል» ብለውኛል።

እስከዚያው ድረስ በሸጎሌ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ቆም ብዬ አውቶቡሶቹን አያለሁ። በረድፍ ቆመው ነጋቸውን ይጠብቃሉ። እንደ እነሱ ያለ አንድ፣ ከዛፉ አጠገብ ቢያድር፣ ምን ይጎድልባቸው ነበር?